የዪሺንግ በራድ አመዛዘን

የዪሺንግ በራድ የሚሠራው ዚሻ ከሚባል የሸክላ አፈር ነው። ቃሉ «ሐምራዊ አሸዋ» ማለት ሲሆን፣ አፈሩ የሚገኘው በቻይና ጂያንግሱ ክፍለ ሀገር፣ ከታይ ሐይቅ በስተ ምዕራብ ባለችው በዪሺንግ ከተማ ነው። ሥራው የተስፋፋው በሚንግ ዘመን ነው። በ1391 እ.ኤ.አ. ንጉሠ ነገሥት ሆንግዉ ለቤተ መንግሥት የሚገበረው ሻይ በጥፍጥፍ መቅረቡ ቀርቶ በቅጠሉ እንዲመጣ አዘዘ። ቀድሞ ሻይ ተፈጭቶ በጽዋ ውስጥ ይመታ ነበር፤ ቅጠሉን ለመዘፍዘፍ ግን ክዳንና መቅጃ ያለው ዕቃ አስፈለገ። በዘመኑ ማብቂያ ሺ ዳቢን የተባለው ሸክላ ሠሪ በራዱን ለአንድ ሁለት ሰው እንዲበቃ አድርጎ አሳነሰው።

ባህላዊው በራድ በሚሽከረከር መዘውር አይወጣም። ሠሪው ጭቃውን በእንጨት ጠፍጥፎ ያሳሳዋል፣ ይጠቀልለዋል፣ ጎኑን ቀስ በቀስ እየመታ ያጎብጠዋል። ክዳኑ ሲነሣ በውስጥ በኩል፣ አብዛኛውን ጊዜ በእጀታው አንጻር፣ የመጋጠሚያው መስመር ይታያል። ይህ ብቻውን ግን በእጅ ለመሠራቱ ምስክር አይሆንም፤ በቅርጽ ማውጫ የሚሠሩትም መስመር ይኖራቸዋል።

ዋናው ፈተና ክዳኑ ላይ ነው። ጭቃው ከ1,100 እስከ 1,200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲተኮስ ይኮማተራል፤ ስለዚህ ልክክ ብሎ የሚገጥም ክዳን ማውጣት ቀላል አይደለም። በራዱ ውሃ ተሞልቶ እየተቀዳ በክዳኑ ጉልላት ላይ ያለችው ቀዳዳ በጣት ስትደፈን ፍሰቱ ቀጥ ማለት አለበት። አየር በዳር ከሾለከ ውሃው መፍሰሱን አይተውም። አራት ማዕዘን ክዳን ይብሳል፤ በአራቱም አቅጣጫ እየዞረ ቢከደን እኩል መግጠም ይኖርበታል። ቀድቶ ሲቀና ጠብታ በመቅጃው ሥር ወደ ሆዱ የሚወርድበት በራድ፣ መልኩ ቢያምርም ጉድለት አለበት።

ገላው ልባስ የለውም። ድምቀቱ የሚመጣው ሻይ ለዓመታት ሲቀዳበትና በእጅ ሲታሸት ነው፤ ገና ከሱቅ ሲወጣ እንደ ተወለወለ ጫማ የሚያበራ ሰም ተቀብቶ ይሆናል። የፈላ ውሃ ሞልቶ ማሽተት ብዙ ያጋልጣል።

የሠሪው ማህተም የሚታየው በመጨረሻ ነው። በቺንግ ዘመን ቼን ሆንግሾ (1768–1822) ቅርጹን ሲነድፍ ያንግ ፔንግኒያን ይሠራው ነበር፤ የሁለቱም ማህተም በኋለኞች ተመስሏል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ስመ ጥር የሆነው ጉ ጂንግጆ (1915–1996) ራሱ በወጣትነቱ ሻንጋይ ውስጥ የጥንቶቹን በራዶች አስመስሎ ለቅርስ ነጋዴ ይሠራ ነበር።