ኮሎምበስ የወለደቻቸው ሦስት የምክር ትምህርቶችና የኛ ይሉኝታ

ስለ ሥነ ልቦና ሕክምና በተነሣ ቁጥር ወሬው ከፍሮይድና ከቪየና ይጀምራል። እኔ የምኖርባት ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ግን ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ሦስት ታላላቅ ትምህርቶች የወጡባት ከተማ መሆኗን እዚሁ የምንኖር ኢትዮጵያውያን እንኳ ብዙዎቻችን ልብ ያልነው አይመስለኝም። ካርል ሮጀርስ ከ1940 እስከ 1945 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ነው)፣ ጆርጅ ኬሊ ከ1946 እስከ 1965፣ ጁልያን ሮተርም ከ1946 እስከ 1963 በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አስተምረዋል። እስቲ ልጠይቅ፤ ልጇ ክፍሉን ዘግቶ ወራት የከረመባት አበሻ እናት ወደ አማካሪ ብትሄድ ከነዚህ የትኛው ይበጃታል?

ሮጀርስ በ1942 ያሳተመው መጽሐፍ የሕክምናውን ሥርዓት ገለበጠ። ታካሚ ማለቱን ትቶ ደንበኛ አለ። አማካሪው አይመክርም፤ ያዳምጣል፣ የሰማውን ስሜት መልሶ ለተናጋሪው ያሰማል። ስምንት ሙሉ ውይይቶችን በሸክላ አስቀርጾ ቃል በቃል ማተሙ በዚያ ዘመን ያልተለመደ ድፍረት ነበር።

ችግሩ ወደኛ ሲመጣ ነው። አገልግሎቱን በአማርኛ «ምክር» ብለን ተርጉመነዋል፤ ምክር ሽቶ የመጣ ሰው ምክር ሲያጣ ተታለልኩ ይላል። እኔ በአስተርጓሚነት «በጣም ከፍቶዎታል ማለት ነው» የሚለውን ስንት ጊዜ እንደደጋገምኩት አላስታውስም። በእንግሊዝኛ የሚያጽናናው በአማርኛ ማሾፍ ይመስላል። አንድ እናት «እሱን እኮ አሁን ነገርኩት!» ብለውኛል። (በነገራችን ላይ፣ ሮጀርስ ራሱ በኋላ ዘመኑ ትምህርቱ ወደ ቃል መድገም መውረዱ አሳዝኖታል።) አማካሪና ደንበኛ እኩል ናቸው የሚለውም ገና በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ከ«አንተ» እና ከ«እርስዎ» ጋር ይጋጫል። እንግሊዝኛው የሸሸውን ምርጫ አማርኛው አያልፈውም።

የሮተር ነገር አጭር ነው። ሰው የሕይወቱን መሪ በራሱ እጅ ወይስ በዕድልና በሌሎች እጅ ያያል የሚለውን ለመለካት በ1966 ያወጣው መጠይቅ ዓለምን አዳርሷል። ግን የጥገኝነት ማመልከቻው ለዓመታት የተንጠለጠለበት ሰው «ነገሬ በሌሎች እጅ ነው» ቢል እውነቱን ነው እንጂ የአመለካከት ጉድለት የለበትም። ሁለት ፈረቃ እየሠራ «እግዜር ያውቃል» የሚለውስ? እዚሁ ኦሃዮ፣ ቦውሊንግ ግሪን፣ ኬኔት ፓርጋመንትና ባልደረቦቹ በ1988 ሁሉን ለአምላክ ጥሎ መቀመጥና ከአምላክ ጋር ሆኖ መሥራት የተለያዩ መሆናቸውን አሳይተዋል። የኛ አያቶች ይህን ያውቁት ነበር።

ለእኔ የሚበልጠው ኬሊ ነው። በ1930ዎቹ ድርቅ በመታት ካንሳስ እየተዘዋወረ የሠራ ሰው ነው፤ ዋና ሥራውን በ1955 አሳተመ። እንደ እሱ አባባል፣ ሰው ሁሉ ዓለምን የሚለካበት የራሱ ተቃራኒ ጥንዶች አሉት። የምታውቃቸውን ሦስት ሰዎች ይሰጥህና፣ ሁለቱ በምን ይመሳሰላሉ፣ ከሦስተኛውስ በምን ይለያሉ ብሎ ይጠይቅሃል። ቃሉን የምታመጣው አንተ ነህ።

ይህንን ጥያቄ ለኛ ሰው አቅርቡለት። «ሁለቱ ይሉኝታ ያውቃሉ፣ ሦስተኛው አያውቅም» ይላችኋል። ይሉኝታን «ኀፍረት» ብሎ የሚተረጉም አማካሪ ገና በር ላይ ይስታል። ዋናው ግን ተቃራኒው ነው። የይሉኝታ ተቃራኒ ለእናትየዋ «ዓይን አውጣ» ነው፤ ኮሎምበስ ላደገው ልጇ ደግሞ «ነፃ ሰው»። አንድ ቃል፣ ሁለት ጫፍ! በየቤቱ የሚጮኸው ጭቅጭቅ ግማሹ ይህ ይመስለኛል፤ እናት ልጄ ጋጠወጥ ሆነ ስትል ልጁ እናቴ እስረኛ ናት ይላል፤ ሁለቱም በአንዱ ቃል እየማሉ። ከሦስቱ ሊቃውንት ይህን ልዩነት ጠረጴዛ ላይ የሚያወጣ ዘዴ የሰጠን ኬሊ ብቻ ነው።

ሦስቱም ያላሰቡት ነገር ግን አለ፤ እሱም ክፍሉ ውስጥ የሚቀመጠው ሦስተኛ ሰው፣ አስተርጓሚው። የሮጀርስ የሸክላ መቅረጫ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አይሄድም፤ እኔ እሄዳለሁ። ምስጢር እጠብቃለሁ ብል እንኳ፣ ሴትየዋ ቅዳሴ ላይ ዓይኔን ባየች ቁጥር የተናገረችው ይታወሳታል። የነፍስ አባት ምስጢር የሚያምረው እሱን የሚያስተረጉም ስለሌለ ነው። ስለዚህ ሰው ሲያማክረኝ፣ ከሌላ ክፍለ ሀገር በስልክ የሚያስተረጉም ጠይቁ፣ እኔን ጨምሮ የኮሎምበስ ሰው አትቀበሉ እላለሁ።