ከካርቶኑ ውስጥ የጎደለው በሬ

ስለ አንድ መጫወቻ ሂስ መጻፍ ቀለም ማባከን የሚመስለው አንባቢ አይጠፋም። ልቦለዱና ግጥሙ፣ ቴአትሩና ሥዕሉ ሐያሲ አጥቶ ሳለ በካርቶን ታሽጎ የሚሸጥ የፕላስቲክ አውሮፕላን ምን ጉዳያችን ነው? ቢባል አይደንቅም። እኔ ግን ጉዳያችን ነው እላለሁ። ይህ ካርቶን ስለ ሥልጣኔ አንድ ታሪክ ይተርካልና። ያንኑ ታሪክ የእኛም የተማሩ ሰዎች ከመቶ ዓመት በላይ ሲያደንቁት ኖረዋል። አተራረኩ ያማረ ነው፤ ነገር ግን ጎደሎ ነው። የጎደለው ምን እንደሆነ ማየት ደግሞ የሐያሲ ሥራ ነው።

ካርቶኑ የያዘው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጃፓን ባሕር ኃይል የተዋጋበትን፣ “ዜሮ” በሚል ስም የሚታወቀውን አውሮፕላን ተገጣጣሚ ሞዴል ነው። አምራቹ ሺዙኦካ በተባለችው የጃፓን ከተማ የሚገኘው የታሚያ ኩባንያ ነው። መለኪያው አንድ አርባ ስምንተኛ ነው፤ ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 12 ሜትር የነበረው 25 ሴንቲ ሜትር ሆኗል፤ 9 ሜትር ርዝመት የነበረው ገላም ከ19 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። ከውጭ አገር የመጣ ወዳጄ ሰጥቶኝ፣ ለሥራ ጂንካ በሰነበትኩባቸው የበልግ ዝናብ ምሽቶች፣ መብራት ሲኖር በመብራት፣ ሲጠፋ በሻማ ገጣጠምኩት። መሣሪያዎቼ ምላጭ፣ ወረንጦ፣ ብርጭቆ ወረቀትና ማጣበቂያ ነበሩ።

አስቀድመን የሚገባውን ምስጋና እንስጥ። የተገጣጣሚው ሥራ እጅግ የተዋጣለት ነው። ክፍሎቹ ሁሉ ቁጥር አላቸው፤ የአገጣጠም መመሪያው በሥዕል ስለሚናገር ቋንቋ የማያውቅም ይከተለዋል። ክንፉ ከገላው ጋር ሲገጥም በመካከሉ ፀጉር የሚያስገባ ክፍተት አይገኝም። የብሎኖቹ ራስ፣ የሞተሩ ሲሊንደሮች፣ የጎማው ሽክርክሪት ሁሉ በቦታው አለ። ይህ ጥበብ ከባዶ የመጣ አይደለም። ታሚያ እ.ኤ.አ. በ1946 ሲቋቋም የእንጨት ሥራ ድርጅት ነበር፤ ወደ ፕላስቲክ የተሻገረው በ1960 ግድም ነው። ጃፓን ተሸንፋ እስከ 1952 ድረስ እውነተኛ አውሮፕላን እንዳትሠራ ተከልክላ እንደነበርም እናስታውስ። ትልቁን እንዳይሠራ ተከልክሎ የነበረ ሕዝብ ትንሹን እንዲህ ባለ ጥንቃቄ መሥራቱ በራሱ አንድ ድርሰት ነው።

ያረፍኩበት ግቢ ዘበኛ፣ በዕድሜ የገፉ ሰው፣ አንድ ምሽት በበሩ አንገታቸውን አስግገው ጠየቁኝ።

“ይበራል ወይ ልጄ?”

“አይበርም፣ አባባ።”

“ታዲያ ይህን ሁሉ ሌሊት ስለ ምን ትደክማለህ?”

ያን ጊዜ የሰጠሁት መልስ ከሳቅ አላለፈም። ጥያቄው ግን ተራ አይደለም። የማይበር አውሮፕላን ዋጋው ስለሚበረው በሚነግረን ነገር ነውና፣ ይህ ሞዴል ምን ይነግረናል? ምንስ ይሸሽገናል?

ከአብራሪው ወንበር እንጀምር። የዜሮ ወንበር በክብ ቀዳዳዎች የተበሳሳ ነበር። ጌጥ ግን አይደሉም። የሚትሱቢሺ መሐንዲስ ጂሮ ሆሪኮሺ እ.ኤ.አ. በ1937 ከባሕር ኃይሉ የቀረበለት ጥያቄ እርስ በርሱ የሚጋጭ ነበር፤ አውሮፕላኑ ሩቅ ይሂድ፣ ቶሎ ይውጣ፣ በቀላሉ ይታጠፍ፣ ከባድ መሣሪያም ይታጠቅ። ሞተሩ ደግሞ 1000 የፈረስ ጉልበት እንኳ የማይሞላ ነበር። መፍትሔው ማቅለል ሆነ። መበሳት የሚችለው ብረት ሁሉ ተበሳ። የአብራሪውን ጀርባ የሚከልል ብረት ቀረ፤ የነዳጅ ጋኑም ጥይት ሲበሳው ራሱን የሚደፍን ሳይሆን ቀረ። አውሮፕላኑ ኤፕሪል 1 ቀን 1939 ለመጀመሪያ ጊዜ በረረ፤ በጃፓኖች የራሳቸው የዘመን ቆጠራ 2600 በሆነው በ1940 ወደ ጦሩ ገባ፤ “ዜሮ” የሚለው ስም የመጣውም ከዚሁ ዓመት መጨረሻ አኃዝ ነው። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 13 ቀን ቾንግቺንግ ላይ 13 ዜሮዎች የቻይናን አየር ኃይል ገጥመው አንዳቸውም ሳይወድቁ ተመለሱ። ዓለም ተደነቀ። ጥቂት ዓመታት ሲያልፉ ግን ጠላት የተሻለ ሞተር ይዞ መጣ፤ ያ የተበሳሳ ቀላል ገላም በቀላሉ የሚነድ ችቦ ሆነ። ከኦክቶበር 1944 ጀምሮ ደግሞ ወጣት አብራሪዎች በዚሁ አውሮፕላን ላይ ቦምብ አስረው፣ ላይመለሱ ወደ መርከቦች ተላኩ።

እንግዲህ ሞዴሉ ቀዳዳዎቹን ያሳያል፤ የቀዳዳዎቹን ዋጋ ግን አይናገርም። መመሪያው ላይ የታተመው አጭር ታሪክ የሞተሩን ጉልበትና የፍጥነቱን ልክ ይዘረዝራል። ወንበሩ ላይ የሚለጠፈው የፕላስቲክ አብራሪ እጅና እግር አለው፤ የሰው ፊት ግን የለውም። እኔ ትክክለኛነትና እውነት የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው እላለሁ። ይህ ሞዴል ከጫፍ እስከ ጫፍ ትክክል ነው፤ ስለሆነም እውነቱን ሁሉ የነገረን ይመስለናል።

የካርቶኑን ሥዕል ደግሞ ተመልከቱት። የታሚያ መለያ ሆኖ የኖረው ነጭ መደብ ነው። አውሮፕላኑ በነጩ መደብ ላይ ብቻውን ተንሳፏል። ሰማይ የለ፣ መሬት የለ፣ መንገድ የለ። እንደ ሥዕል ውብ ነው፤ ዓይን ወዲያና ወዲህ ሳይል በአንድ ነገር ላይ ያርፋል። ግን አውሮፕላን ከመሬት ነው የሚነሣው። ከመነሣቱ በፊትስ ከፋብሪካው ወደ ሜዳው እንዴት ደረሰ?

በበሬ ነው የደረሰው! የሚትሱቢሺ ፋብሪካ ናጎያ ውስጥ ነበር፤ አውሮፕላኖቹ ተገጣጥመው የሚሞከሩት ግን ካጋሚጋሃራ በተባለው፣ 48 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው ሜዳ ላይ ነበር። መንገዱ ጠባብና ጎርባጣ ነው። በካሚዮን ቢጫን ያ ስስ ገላ ሊጎዳ ነው። ስለዚህ በዘመኑ ወደር ያልተገኘለት ተዋጊ አውሮፕላን ተፈታትቶ በበሬ ጋሪ ይጫንና፣ ወደ አንድ ቀን የሚፈጅ ጉዞ እያዘገመ ይጓዝ ነበር። ይህ ለመጀመሪያው ናሙና ብቻ የተደረገ አይደለም፤ ለዓመታት የተሠራበት ነው። ጦርነቱ ሲገፋ በሬዎቹ ዛሉ፣ መኖም ጠፋ፣ በፈረስ መተካትም መጣ። እ.ኤ.አ. በ2013 ሃያዎ ሚያዛኪ ስለ ሆሪኮሺ የሠራውን የካርቱን ፊልም ያየ ሰው እነዚያን በሬዎች አይረሳቸውም፤ ታላቁ የፊልም ሰው ሊተዋቸው አልወደደምና። የካርቶኑ ሠሪዎች ግን ትተዋቸዋል። በሞዴሉ መለኪያ 48 ኪሎ ሜትር ሲያንስ አንድ ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ በእግር የሩብ ሰዓት መንገድ።

ይህን ታሪክ ጂንካ ላይ ሆኖ ማሰብ ሌላ ትርጉም አለው። ጂንካን የሚያውቅ ሰው በከተማዋ እምብርት የተዘረጋውን አሮጌ የአውሮፕላን ማረፊያ ያውቃል። ሣር የለበሰ ሜዳ ነው፤ አውሮፕላን በማይመጣበት ሰዓት ከብት ሲግጥበት፣ ልጆች ኳስ ሲጫወቱበት ኖሯል። አዲሱ ማረፊያ በ2009 ዓ.ም. ከመከፈቱ በፊት ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ሁሉ ይህን ሲያይ ፈገግ ይል ነበር። ላምና አውሮፕላን በአንድ ሜዳ! “ኋላ ቀርነታችን” የሚል ጽሑፍ ሊያጅበው የሚችል ፎቶግራፍ ነው። ያ ፈጋጊ ግን ዓለምን ያስደነቀው የጃፓን አውሮፕላን ኋላ ኋላው ላይ የበሬ ፋንድያ እንደነበረ ቢያውቅ ኖሮ ምን ይል ነበር? በሬና አውሮፕላን የሁለት ዘመን ምልክቶች አድርጎ የሚያየን ትምህርት ከየት አመጣነው?

ከፊሉን ያመጣነው ጃፓንን ካነበብንበት መንገድ ይመስለኛል። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ገና በምኒልክ ዘመን ማብቂያ ላይ ኢትዮጵያ የጃፓንን አርአያ እንድትከተል ጽፈዋል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1931 ጃፓንን ጎብኝተው “ማኅደረ ብርሃን፡ ሀገረ ጃፓን” የተባለውን መጽሐፋቸውን አሳተሙ። በዚያው ዓመት የወጣውን ሕገ መንግሥት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሲያረቁ መነሻቸው የ1889ኙ የጃፓን ሕገ መንግሥት ነበር። ከጦርነቱ በኋላም ከበደ ሚካኤል “ጃፓን እንደምን ሠለጠነች” ብለው ጻፉ። የእነዚህን ሰዎች ቅን ልብ የሚጠራጠር የለም። ከበደ ሚካኤል በርዕሳቸው ላይ ያኖሩት “እንደምን” የሚለው ቃል ደግሞ ትክክለኛው ጥያቄ ነበር። እኛ አንባቢዎቹ ግን “እንደምን”ን ዘልለን “ምን”ን ያዝን። ፋብሪካ፣ መርከብ፣ አውሮፕላን፣ ሕገ መንግሥት... ሁሉም በቁጥር ተለይቶ ከነመመሪያው በካርቶን የሚመጣ፣ ቁጥር 7ን ከቁጥር 8 ጋር ማጣበቅ ብቻ የሚቀረው መሰለን። የጃፓን ገበሬ በሬውን ይዞ በሌሊት የሄደበት መንገድ አልታየንም። ያቺው የምናደንቃት ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1936 መጨረሻ የኢጣሊያን ወረራ ተቀብላ አዲስ አበባ ያለውን ሌጋሲዮኗን ወደ ቆንስላ ዝቅ ማድረጓም እንዲሁ ከነጩ መደብ ውጭ ቀረ።

ጃፓኖች ራሳቸው ስለ በሬ ሊማሩ ወደ እኛ መምጣታቸው ደግሞ ሳይነገር የቀረ ነገር ነው። ካትሱዮሺ ፉኩይ የተባሉ የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ደቡብ ኦሞ ድረስ መጥተው በቦዲዎች መካከል ኖሩ። ያጠኑት የከብት ቀለም ነው። የቀለም ካርዶች እያሳዩ ሲጠይቁ ቦዲዎች ቀለሙን የሚጠሩት በከብቶቻቸው ቆዳ ነበር፤ አንድ ወንድ ልጅም ከሕፃንነቱ ጀምሮ ከአንድ የከብት ቀለም ወይም ዥጉርጉርነት ጋር ይቆራኛል፣ ማንነቱም ከዚያ ጋር ይያያዛል። ፉኩይ ይህን ጥናት ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1979 ከዴቪድ ተርተን ጋር ባዘጋጁት፣ ስለ ምሥራቅ አፍሪካ አርብቶ አደሮች ጦርነት በሚናገረው መጽሐፍ ውስጥ ነው። ሺዙኦካ የጦር አውሮፕላንን ያለ ጦርነቱ በካርቶን ስታሽግ፣ ሌላው ጃፓናዊ ኦሞ ሸለቆ ውስጥ ሰውን ከከብቱ፣ ቀለምን ከሕይወትና ከሞት ሳይለይ ይመዘግብ ነበር።

ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በዓለም ዙሪያ ሞዴል የሚገጣጥሙ ሰዎች ስለ ዜሮ ቀለም ለዓመታት ተከራክረዋል። ግራጫ ነበር? ወደ አረንጓዴ ያዘነበለ ዳልቻ ነበር? ወደ ቡኒ የሄደ ነበር? መመሪያው መልሱን በቁጥር ይሰጣል፤ ይህን ቁጥር ቀለም ቀቡ ይላል። ቁጥሩ ቀለሙን ሲያገኘው ስሙን ያጣዋል። በሬውን ቡሬ፣ ዳልቻ፣ ቀዮ እያለ የሚጠራው ገበሬያችንም ሆነ ቦዲው ቀለምን የሚያውቁት በስም ነው። በስም የሚያውቁትን ነገር በቀላሉ አይጥሉትም።

ወቀሳው ለታሚያ ብቻ እንዳይሆን ወደ ራሳችን አውሮፕላንም እንይ። እ.ኤ.አ. በ1935 አዲስ አበባ ውስጥ ተሠርታ በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ስም የተጠራችው “ፀሐይ”፣ ኢጣሊያኖች ከወሰዷት ከ80 ዓመት በላይ ቆይታ በጃንዋሪ 2024 ስትመለስ ሁላችንም ደስ ብሎናል። የጀርመናዊውን መሐንዲስ የሉድቪግ ቬበርን ስም ስንደጋግም ሰማን። አብረውት እንጨቱን የላጉትን፣ ጨርቁን የወጠሩትን ኢትዮጵያውያን ስም ግን ስንቶቻችን ጠየቅን? እኛም የራሳችንን አውሮፕላን በነጭ መደብ ላይ ነው ያኖርናት።

ታዲያ ይህን ሞዴል አትግዙ ማለቴ ነውን? አይደለም። አግኝቶ ለልጁ የሚገዛ አባት ይግዛ፣ አብሮም ይገጣጥም። ትዕግሥትን፣ የእጅ ጥንቃቄን፣ ነገር ከጥቃቅን ክፍሎች እንደሚሠራ ከዚህ የተሻለ የሚያስተምር መጫወቻ ብዙ አላየሁም። ነገር ግን ወንበሩ ጋ ሲደርሱ አባትየው እጁን ገታ አድርጎ “እነዚህ ቀዳዳዎች ለምን ይመስሉሃል?” ብሎ ይጠይቅ። መንኮራኩሮቹን ሲያጣብቁም እስከ ማረፊያው ሜዳ ማን እንዳደረሰው ይንገረው። ለልጁ የሚጠቅመው ለእቅድ አውጪዎቻችንም ይጠቅማል፤ በየዘመኑ ከውጭ የሚመጣልን ካርቶን አላቋረጠምና።

ደህና ቁመት ያለው በሬ እስከ ሻኛው ቢለካ ከ1 ሜትር ተኩል አያልፍም። በአንድ አርባ ስምንተኛ መለኪያ 3 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ካርቶኑን ደግሜ አየሁት፤ ቦታ ነበረው።