ባለ ስምንት እግሯ አይሲ

ፓወር ሰፕላይ ከሚቆጣጠሩ አይሲዎች ሁሉ ለእኔ ዩሲ3842ን የሚስተካከል የለም። ሰባተኛ እግሯ 16 ቮልት ገደማ ሲያገኝ ትነሳለች፤ ከ10 ሲወርድባት ትተኛለች። ይህች ልዩነት ለጠጋኝ ትልቅ ስጦታ ናት። ሰርኪዩቱ ጢቅ ጢቅ እያለ ተነስቶ ከወደቀ፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የእሷ አይደለም፤ ማስነሻው ሬዚስተር ካፓሲተሯን ሞልቶላት ትነሳለች፣ ከትራንስፎርመሩ ረዳት ጥቅል መምጣት ያለበት ኃይል ግን አይደርስላትም። የደረቀ ካፓሲተር፣ የተበላሸ ዳዮድ ወይም አውትፑቱ ላይ ሾርት ይፈለግ። ሦስተኛ እግሯ 1 ቮልት ሲነካ ደግሞ ሞስፌቱን ወዲያው ታጠፋዋለች፤ እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ከስንቱ ውድ ዕቃ ጠፍቷል! ቴስተር ከማስነካታችሁ በፊት ግን የትልቁን ካፓሲተር ቻርጅ በሬዚስተር አራግፉ፤ ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም 300 ቮልት ገደማ ይዞ ሊቆይ ይችላል።