ቆላ ያሞካሸው ሞተር

የሚሸጥ መኪና ሞቆ ገዢን መጠበቅ የለበትም። ስለዚህ ዋዜማውን ከአዳማ ሶደሬ ወርጄ አደርኩ። ገዢው ጠዋት ከአዲስ አበባ ሲደርስ ኮፈኑ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዞ ነበር።

«ጋሼ፣ አላስነሱትም?»

«አንተ አስነሳው» አልኩት። የሞተር ሕመም የሚታየው በመጀመሪያዋ ደቂቃ ነው። ሰማያዊ ጭስ ዘይት ይበላል ማለት ነው፤ የማያባራ ነጭ ጭስ ደግሞ ውኃ ገብቷል ማለት ነው። የዘይት መሙያው ክዳን ሲከፈት ማኪያቶ የመሰለ አረፋ ከታየ፣ ጓርኒሲዮኑ አልቆለታል።

መኪናዋ ዲኤክስ ናት። ከፋብሪካ ስትወጣ 1290 ሲሲ 4ኬ ሞተር ነበራት። እሱን አውርጄ ባለ 1587 ሲሲውን፣ ባለ 16 ቫልቩን 4ኤ-ጂኢ አስገባሁባት። ሁለት ካርቡራተር ገጠምኩላት፣ ሞላዋን አሳጠርኩ፣ ማርሚታዋን ቀየርኩ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የነባር መኪና ፈላጊ አይጠፋም። ቢሆንም ወጪዬን ደምሬ ዋጋ ብጠራ የሚሰማኝ የለም። መኪና ማሳመሪያ ላይ የፈሰሰ ገንዘብ እንደ ሠርግ ወጪ ነው፤ ደጋሹ ይደሰትበታል እንጂ መልሶ አያገኘውም።

ከዚያ ሊብሬውን ሰጠሁት። የሞተሩን ቁጥር ብሎኩ ላይ ካለው ጋር በጣቱ እየተከተለ አመሳከረ። ሞተር ቀይሮ ቁጥሩን በሊብሬው ላይ ያላስቀየረ ሻጭ ደላላውን ሊያሳምን ይችላል፤ ስም ማዛወሪያው ላይ ግን ይያዛል።

እንዲህ ጠንቃቃ ሆኜ አልተወለድኩም። የመጀመሪያ መኪናዬን ስሸጥ ጓርኒሲዮኑ ውኃ ያንጠባጥብ ነበር። ራዲያተሩ ውስጥ ማሸጊያ ጨምሬ፣ ጠዋት በብርዱ አዳማ መሐል ሜዳ ለሜዳ አስነዳሁት። ውሉ ላይም «እንዳለች ሸጫለሁ» ብዬ አጻፍኩ። ሰውየው በሳምንቱ መኪናዋን በጭነት መኪና አስጭኖ ጋራዤ በር ላይ አወረዳት። ሞተሩ ዳገት ላይ ፈልቶ ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ሻጩ ጉድለቱን በተንኮል ከደበቀ ከኃላፊነት ነፃ የሚያደርገው የውል ቃል ዋጋ እንደሌለው ይደነግጋል። ይህን የነገረኝ ጠበቃ ነው፤ ከፍዬ ነው የተማርኩት። ግማሹን ገንዘብ መለስኩ።

አሁን ሶደሬን የምመርጠው ለዚህ ነው። ሙቀቱ ራዲያተርን ይፈትናል፤ በመልካሳ በኩል ወደ አዳማ ሲመለሱ ደግሞ መንገዱ ሽቅብ ነው። ወጣቱ ነዳ፣ እኔ ከጎኑ ተቀመጥኩ። የሙቀት መለኪያው መርፌ መሐል ላይ ቆመች። ማርሽ ሲቀይር ፈገግ ይል ጀመር።

የሻጭ ፈተና የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ገዢ ፈገግ ሲል ዝም ማለት ይቀላል።

«ይህን ጉልበት አዲስ አበባ አታገኘውም» አልኩት። ፈገግታው ጠፋ።

ሶደሬ ሞተርን ታሞካሻለች። አዲስ አበባ ከሷ ወደ 1000 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። ከፍታው በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1000 ሜትሩ ከጉልበቱ ወደ 10 በመቶ ያጣል። ካርቡራተር ደግሞ አየሩ መሳሳቱን አያውቅም፤ ለቆላ የተስተካከለ ከሆነ ደጋ ላይ ነዳጅ ያበዛል፣ ካንዴላ ያጠቁራል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል። «ስትደርስ ነዳጅ ማሳለፊያውን በጠበበ አስቀይር» ብዬ መከርኩት። ሁለተኛ ማርሽ ሲቀዘቅዝ እንደሚያስቸግርም ጨመርኩለት።

አዳማ ስንደርስ የነገርኩትን ሁሉ እየቆጠረ ዋጋ ቀነሰብኝ። ተከራከርኩ፣ እሱም ትንሽ ጨመረ፣ ተስማማን። የድሮውን ማርሚታና ካርቡራተር በጆንያ አድርጌ የኋላ ኮፈኑ ውስጥ ጫንኩለት፤ አንድ ቀን መኪናዋን እንደ ቀድሞዋ ማድረግ የሚፈልግ ባለቤት ሊመጣ ይችላል።

የተቀነሰብኝን ማታ አሰብኩት። በመጀመሪያው መኪና ከመለስኩት ያንሳል። ደግሞም በሳምንቱ የጭነት መኪና ድምፅ ሰምቼ በሩን ለማየት አልተነሳሁም።