በሥራ ልምድ ስለሚገኝ ቋሚ ነዋሪነት፤ በካናዳ ሕግ ላይ የቀረበ ትችት

ትችት ሲባል ለግጥምና ለልብ ወለድ መጽሐፍ ብቻ የተወሰነ የሚመስላቸው አሉ። ነገር ግን ሕግም የተጻፈ ነገር ስለ ሆነ፥ ቃሉ ከዓላማው ጋራ መስማማቱ ሊመረመር ይገባዋል። ስለዚህ ከትምህርት ጓደኞቻችን ብዙዎቹ በተስፋ የሚነጋገሩበትን አንድ የውጭ አገር ደንብ መርምረን አሳባችንን ለመግለጽ ተነሥተናል። ይኸውም በካናዳ በሙያው ሠርቶ ልምድ ያገኘ እንግዳ ቋሚ ነዋሪ ለመሆን የሚያመለክትበት፥ «ካናዲያን ኤክስፒሪየንስ ክላስ» የሚባለው ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድመን የሚመሰገንበትን እንናገር። ካናዳ በ1967 ዓ.ም. በነጥብ መምረጥ ስትጀምር ትምህርት፥ ቋንቋ፥ ሙያና ዕድሜ መለኪያ ሆኑ፤ ይህም የትውልድ አገርን ከሚያበላልጠው ከቀድሞው አሠራር የተሻለ ነበር። ሆኖም አመልካቹ በሩቅ ሳለ የሚመዘነው በወረቀቱ ስለ ነበር፥ በአገሩ መሐንዲስ የነበረው ሰው ቶሮንቶ ደርሶ ታክሲ ሲነዳ መገኘቱ የታወቀ ነው። በ2008 ዓ.ም. የተጀመረው ይህ ደንብ ግን በአገሩ ውስጥ ሠርቶ የታየውን ሰው ይቀበላል፤ ዲፕሎማም በግድ አይጠይቅም። ሰውን በወረቀቱ ሳይሆን በሥራው መመዘን መልካም አሳብ ነው።

የሚጠይቀውም ሲጠቃለል ይህ ነው፤ ከማመልከቻው በፊት ባሉት ሦስት ዓመታት ውስጥ በደመወዝና በሕጋዊ ፈቃድ የተሠራ የአንድ ዓመት የሙያ ሥራ፥ ማለት 1560 ሰዓት፤ ደግሞም እንደ ሥራው ደረጃ የእንግሊዝኛ ወይም የፈረንሳይኛ ፈተና ውጤት። በሳምንት ከ30 ሰዓት በላይ የተሠራው አይታሰብም።

የመጀመሪያው ጉድለት «ልምድ» በሚለው ቃል ላይ ነው። ሰው የሙሉ ጊዜ ተማሪ ሳለ የሠራው አይቈጠርለትም፤ ለራሱ የሠራውም እንዲሁ። ከእኛ ቀድሞ የሄደ አንድ ወዳጃችን ትምህርቱን እየተከታተለ ሁለት ዓመት ሙሉ ማታ ማታ በሒሳብ ያዥነት ሠራ። ከተመረቀ በኋላ ሰዓቱን ሲደምር ግን ከባዶ እንደሚጀምር ተነገረው። መዝገቡን የያዘው እጅ ያው ነው፤ ደመወዙን የከፈለው አሠሪም ያው ነው፤ የተለወጠው የሠራተኛው ስም ብቻ ነው። እንደዚሁም ቢሮ የሚያጸዳውና ፍሬ የሚለቅመው ሰው ዐሥር ዓመት ቢደክም ሥራው ከሙያ ስለማይቈጠር በዚህ በር አይገባም። ደንቡ ሥራን አከብራለሁ ሲል የሚያከብረው የመረጠውን ሥራ ብቻ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ሁለተኛው ጉድለት ከዚህ ይከብዳል። ሰውየው 1560ውን ሰዓት ቢፈጽምም ነዋሪነት አላገኘም፤ ያገኘው ከተወዳዳሪዎች ጋራ የመሰለፍ መብት ነው። ከጥር 2015 ዓ.ም. ወዲህ «ኤክስፕረስ ኤንትሪ» በሚባለው አሠራር ሁሉም በነጥብ ይደረደራል፥ መንግሥትም በየጊዜው ከላይ ጀምሮ ይጠራል። በየካቲት 13 ቀን 2021 ዓ.ም. 75 ነጥብ በቅቶ በአንድ ቀን 27332 ሰዎች ተጠሩ፤ በ2025 ዓ.ም. ግን በዚሁ መደብ የተጠየቀው ከ500 በላይ ነበር። ሁለት ሰዎች እኩል ደክመው አንዱ ሲገባ ሌላው የሚመለሰው በሥራቸው ልዩነት ሳይሆን በቀኑ ልዩነት ነው። «ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ» የሚለው ተረት ለዚህ የተተረተ ይመስላል።

ከ1992 እስከ 2014 ዓ.ም. አዲስ ገቢ ይቀበል የነበረውን የቤት ውስጥ ተንከባካቢዎች ደንብ ከዚህ ጋራ ብናስተያየው ነገሩ ይገለጣል። ያ ደንብ ሠራተኛዪቱን በአሠሪዋ ቤት እንድታድር ያስገድዳት ስለ ነበር ጭቈና የሞላበት ነበር፤ ሆኖም 24 ወር ከሠራች ለቋሚ ነዋሪነት የምታመለክትበት የታወቀ መንገድ ነበራት። የቀድሞው ነጻነትን ነሥቶ ተስፋውን ለየ፤ የዛሬው ነጻነትን ጨምሮ ተስፋውን አደበዘዘ።

«አገሩ የራሳቸው ነው፤ ቍጥሩን መወሰን መብታቸው ነው» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ የቤት ችግር ስለ በረታ በጥቅምት 2024 ዓ.ም. መንግሥቱ ለ2025 ያሰበውን 500000 ሰው ወደ 395000 ዝቅ አድርጎታል። እኛም ይህን መብት አንክድም። የምንለው ቍጥሩ ሰው ከመምጣቱ በፊት ይወሰን ነው፤ ከመጣ፥ ከሠራና ግብር ከከፈለ በኋላ ግን በሠራው ልክ የታወቀ መልስ ይገባዋል። መልሱን በመጠበቅ ላይ ያለ ሠራተኛ፥ ይልቁንም ፈቃዱ በአንድ አሠሪ ስም የተጻፈ እንደ ሆነ፥ ቢበደል እንኳ አቤት ለማለት ይፈራልና።

እንግዲህ ፍርዳችን ይህ ነው፤ የደንቡ አሳብ መልካም፥ አፈጻጸሙ ግን ጐደሎ ነው። ለመሄድ የተነሣው ጓደኛችንም የሥራ ደብዳቤውንና የደመወዝ ደረሰኙን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይያዝ፤ የትኛው ሰዓት እንደሚቈጠር አስቀድሞ ይጠይቅ፤ በሰልፍ መቆምንም እንደ መግባት አይቍጠረው።