ፓርኪንግ ይሠራልን

ጥር ላይ ደብረ ብርሃን ሄጄ ነበር። የደብረ ብርሃንን የጥር ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል፤ ላልቀመሰው ማስረዳት ትርፉ ድካም ነው። (የብርድ ልብስ ፋብሪካው እዚያ መተከሉ ያለ ነገር እንዳልሆነ የገባኝ የዚያን ዕለት ጠዋት ነው።) ያረፍኩት አንድ ዘመዴ ዘንድ ነው። ዋናው አስፋልት ዳር ብርድ ልብስና ጋቢ የሚሸጡ ትልቅ ሰው ናቸው፤ «ጋሼ» ነው የምላቸው። ሻይ እንኳ ሳያስመጡልኝ ወረቀት አወጡ።

«ጋዜጣ ላይ ትጽፍ የለ? በል ይቺን ማመልከቻ አስተካክልልን።»

ለማዘጋጃ ቤቱ የተጻፈች ናት። የሰፈሩ ነጋዴዎች ተሰብስበው ተስማምተውባታል። ስትጨመቅ እንዲህ ትላለች፦ ገበያችን ቀዝቅዟል፤ ደንበኛው አዲስ አበባ እየሄደ ይገዛል፤ መሀል ከተማው መኪና ማቆሚያ ስለሌለው ባለመኪናው ሳይወርድ ያልፋል፤ ስለዚህ መንግሥት በጀት መድቦ ፓርኪንግ ይሥራልን፤ እኛም አቅማችን የፈቀደውን እናዋጣለን።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ደስ አለኝ። ነጋዴ «ግብር በዛብን» ከማለት አልፎ «እናዋጣለን» ሲል ስንቴ ሰምታችኋል? ግን እጄ ላይ ስክሪብቶ ሲሆን አንድ ነገር ከነከነኝ።

«ጋሼ፣ እስከ ምሳ በር ላይ ልቀመጥና ልይ።»

«ምኑን ነው የምታየው?»

«የሚቆመውን።»

ጋቢ ተከናንቤ ዱካ ላይ ተቀመጥኩ። ቅዳሜ ነው፤ የገበያ ቀን። ገብስ የተጫኑ አህዮች ያልፋሉ። የፈረስ ጋሪው ባጃጁን፣ ባጃጁ አባዱላውን እየተጋፋ ይሄዳል። አንድ ባለጋሪ ዕቃ ሊያራግፍ ቢቆም ወዲያው ፊሽካ ተነፋበት፤ ሄደ። የጋሼ ሱቅ ፊት ግን ሦስት መኪኖች ጠዋት እንደመጣሁ የነበሩበት ቦታ ተገትረዋል። አንዱ ፒክአፕ የራሳቸው የጋሼ ነው። ሁለተኛው የጎረቤታቸው የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴው። ሦስተኛውን ጠይቄ እንደተረዳሁት የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት። እስከ ምሳ ጎማቸው አልተንቀሳቀሰም።

አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ወደ ደሴ የሚሄድ የሚመስል የቤት መኪና ፍጥነቱን ቀነሰ። ሴትዮዋ በመስኮት ወደ ብርድ ልብሶቹ በጣቷ አሳየች። ሰውየው ቦታ ፈለገ፣ አጣ፣ ሄደ።

«አየህ! አየህ!» አሉኝ ጋሼ ከውስጥ።

አየሁ። ግን ያየሁት እሳቸው ያዩትን አልነበረም።

መቼም የሸዋ ገበያ ከማቆሚያ ጋር የተጣላው ዛሬ አይደለም። ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ያለችውን አንኮበርን ውሰዱ። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን መናገሻ ናት፤ ቤተ መንግሥቱ እዚያ፣ መኳንንቱ እዚያ፣ ገንዘቡም እዚያ። ትልቁ ገበያ ግን አንኮበር ላይ አልነበረም። ከገደሉ ሥር፣ ቆላው ጫፍ ላይ፣ አልዩ አምባ ላይ ዓርብ ዓርብ ይቆም ነበር። ጨው፣ ቡና፣ ጨርቅ፣ ያሳዝናል እንጂ ሰውም ጭምር በዚያው አካባቢ ይሸጥ ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ከታጁራ በአፋር በረሃ አቋርጦ የመጣ ግመል የአንኮበርን ዳገት አይወጣም። እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዙ መልእክተኛ ሃሪስ ሲመጣ እንኳ ግመሎቹ ፋሬ ላይ ቀርተው ጓዙ በሰው ትከሻ ነው የወጣው። ንጉሡ የፈለጉትን ያህል ሥልጣን ይኑራቸው፣ ገበያው የሚቆመው የተጫነው እንስሳ አርፎ ሸክሙን የሚያራግፍበት ቦታ ነው። ኋላ ምኒልክ ወደ እንጦጦና አዲስ አበባ ሲወርዱ፣ ባቡሩም ከጅቡቲ በድሬዳዋ በኩል ሲመጣ፣ አልዩ አምባም ከነግመሉ ተረሳ።

እንግዲህ የኛን ዘመን ግመል እንፈልግ። ጋሼና ማኅበርተኞቻቸው የቤት መኪና ነው ብለዋል። ነው እንዴ? በመላ አገሪቱ የተመዘገበው ተሽከርካሪ፣ የጭነቱም የሕዝቡም ተደምሮ፣ ከአንድ ሚሊዮን ካለፈ ገና ጥቂት ዓመቱ ነው። እኛ ደግሞ ከ100 ሚሊዮን በላይ ነን። ደንበኛው አዲስ አበባ ሄዶ የሚገዛው መኪናውን እዚህ የሚያቆምበት አጥቶ ነው የሚለውን ነገር ሳስበው ሳቄ መጣ። አዲስ አበባ የሚሄደው እኮ በሚኒባስ ነው! 130 ኪሎ ሜትሩን ተጣቦ ሄዶ መርካቶ ይገባል። መርካቶ ደግሞ መኪና ማቆም አይደለም፣ ሰው ቀጥ ብሎ ለመቆምም ቦታ አያገኝም። የሚወስደው ምርጫና ዋጋ ነው። ጋሼም ቢሆኑ ከፋብሪካው ብርድ ልብስ ሌላ ያለውን ዕቃ የሚያመጡት ከዚያው ከመርካቶ አይደል? ከነሐሴ 2015 ወዲህ በክልሉ በተነሳው ግጭት መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት ደግሞ ዕቃው ይዘገያል፣ የገጠሩ ሰውም ይቀራል። ይኼ ማመልከቻው ላይ የለም።

የጋሼ ጭንቀት አሜሪካኖችን ቀድሞ አግኝቷቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1956 ሚኒያፖሊስ አጠገብ ሳውዝዴል የሚባል ጣሪያ ያለው የገበያ አዳራሽ ተከፈተ፤ ዙሪያውን ከ5,000 በላይ መኪና ይቆምበታል። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለው አዳራሽ በየከተማው ዳርቻ ፈላ። መሀል ከተማ ያሉት ነጋዴዎች ደነገጡና «እኛም ማቆሚያ ይሠራልን» አሉ። ተሠራላቸው። ግን ለማቆሚያው ቦታ የተገኘው የቆዩ ሱቆችንና ቤቶችን በማፍረስ ነበር፤ ብዙ ከተማ መጨረሻ ላይ የሚያምር ማቆሚያ ኖረው፣ ቆሞ የሚገባበት ሱቅ ግን አነሰ። አንድ መኪና ከነመዞሪያው ከ25 እስከ 30 ካሬ ሜትር ይበላል። የጋሼ ሱቅ ራሱ ከዚያ አይበልጥም።

የተሻለውን ያደረገችው በካሊፎርኒያ ያለችው ፓሳዴና ናት። እ.ኤ.አ. በ1993 አሮጌው የገበያ ሰፈሯ መንገድ ዳር ለሚቆም መኪና ሰዓት ቆጣሪ ተከለች። ነጋዴው መጀመሪያ ተቃወመ፤ የሚሰበሰበው ገንዘብ ለዚያው ሰፈር የእግረኛ መንገድ፣ መብራትና ጽዳት ይውላል ሲባል ግን ተስማማ። ዶናልድ ሹፕ የሚባለው ምሁር (በ2017 ነው ያረፈው) እንደጻፈው፣ ቦታውን በነፃ ሲያጣብቡ የነበሩት በአብዛኛው የሱቁ ባለቤቶችና ሠራተኞች ነበሩ። የጋሼ ፒክአፕ ትዝ አለኝ።

እኛስ ዘንድ? አዲስ አበባ ላይ «ምድር ቤቱ ለመኪና ነው» ተብሎ ፈቃድ የወጣበት ሕንፃ ስንቱ ምድር ቤቱን መጋዘንና ሱቅ አደረገው! አስተዳደሩ በየጊዜው «ወደ ማቆሚያነት መልሱ» ይላል፣ ጥቂት ሰሞን ይመለሳል፣ ከዚያ ያው ነው። ሰኔ 2013 የተመረቀው መስቀል አደባባይ ከሥሩ 1,400 መኪና ይይዛል፤ እሱ መልካም። ነገር ግን ዋና ከተማ የሠራችውን ደብረ ብርሃን ትሥራ ማለት፣ በጋቢው ቦታ ኮት ይደረብ እንደ ማለት ነው። በዚህ ብርድ!

ይህን ሁሉ ለጋሼ ስነግራቸው ዝም ብለው አዳመጡኝና አንድ ጥያቄ ወረወሩ።

«ልጄ፣ ባለአህያው ስንት ብርድ ልብስ ይገዛል? አንድ። ያውም ተከራክሮ። ያቺ ጠዋት ያለፈችው ሴትዮ ስድስት ትገዛ ነበር።»

ልክ ናቸው፤ መልስ አጣሁ። የደሴ መንገደኛ ለእሳቸው ገበያ ትልቅ ነገር ነው። የባለአህያው አንድ ብርድ ልብስ በየቅዳሜው ሲደመር የት እንደሚደርስ ላሰላላቸው ፈለግሁና ተውኩት፤ ሂሳቡን ከእኔ በላይ ያውቁታል። ሴትዮዋ ግን የምትፈልገው ፎቅ ማቆሚያ አይደለም። ሃያ ደቂቃ የምትቆምበት አንድ ቦታ ነው። እሱ ደግሞ ከሱቁ ፊት አለ፤ ተይዞ ነው እንጂ።

ማታ ማመልከቻዋን እንደ አዲስ ጻፍኳት። ጋሪና አህያ ገበያው ዳር የሚያራግፍበት የተከለለ ቦታ ይሰጠው፤ በፊሽካ መባረሩ ይቅር። ባጃጅና አባዱላ ተሳፋሪ የሚያወርዱበት ይለይ። አይሱዙ ዕቃ የሚያራግፈው ማለዳና ማታ ይሁን። ከገጠር ለመጣችው እናት ሽንት ቤት ይኑራት። (ይኼን ነጋዴ ሲጠይቅ ሰምቼ አላውቅም፤ ውላ የምትገዛው ግን እሷ ናት።) ሱቆቹ ፊት ያለው ቦታ ለግማሽ ሰዓት ብቻ ይሁን፤ ከዚያ ያለፈ ይክፈል፤ ክፍያውን የሰፈሩ ወጣቶች በደረሰኝ ይሰብስቡ፤ ገንዘቡም ለዚሁ መንገድ ጠጠርና መብራት ይዋል። ለፓርኪንግ ሊዋጣ የነበረው ብር ለጋሪው ማራገፊያ ይሁን አልኩ። የኮሪደር ልማቱ ክልል ከተሞች በወረደበት በዚህ ጊዜ፣ መንገዱ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ከመጮህ አሁን መጻፉ ይሻላል።

ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። ሽንት ቤቱ ላይ ራሳቸውን ነቀነቁ። ግማሽ ሰዓቱ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«የእኔም መኪና ይከፍላል?»

«የእርስዎም ጋሼ።»

«ሱቄ ፊት ቆሞ?»

«ሱቅዎ ፊት ቆሞ።»

ወረቀቷን አጥፈው ካፖርታቸው ኪስ ከተቱና «ለማኅበሩ አሳያለሁ» አሉኝ። በማግስቱ ስሳፈር ፒክአፑ ያው ቦታው ላይ ነበር፤ መስታወቱን ውርጭ ሸፍኖታል።