የቀላል ሙሌት ዕድሜ በሚዛን ይለካ

በጥር 1995 እ.ኤ.አ. የጃፓኗን ኮቤ ከተማ የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ የወደቡን የመርከብ ማቆሚያ ግንቦች ወደ ባሕሩ ገፍቷቸዋል፤ በአንዳንድ ቦታ ግንቡ እስከ 5 ሜትር ገደማ ተንሸራቷል። ከግንብ ኋላ የሚሞላ አፈር ከባድ ነው። ውሃ የጠገበ አሸዋ በሜትር ኪዩብ ወደ 2 ቶን ይመዝናል፤ መሬት ሲናወጥም ያን ሁሉ ክብደት ይዞ ይገፋል። ስለዚህ ወደቡ ሲጠገን ከፊሉ ቦታ የተሞላው በሌላ ነገር ነበር። የመርከብ መንገድ ለመጥረግ ከባሕር ወለል የወጣው፣ መጣያ ቦታ የሚቸግረው ጭቃ፣ ከሲሚንቶና ከሚያቀልለው አረፋ ወይም ከፎም ፍሬ ጋር ተቀላቅሎ ተፈሰሰ፤ ቀላል ሙሌት የምንለው ይህን ነው። ክብደቱ በሜትር ኪዩብ 1.2 ቶን ገደማ ነው፤ ከጠነከረ በኋላም በራሱ ስለሚቆም ግንቡን የሚገፋበት ጉልበት ይቀንሳል። በ2010 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የቶኪዮ ሃኔዳ አየር ማረፊያ አራተኛው ማኮብኮቢያም በአፈር የተሞላውና በብረት ምሰሶ ላይ የተሠራው ክፍል በሚገናኙበት ቦታ ይህንኑ ዘዴ ተጠቅሟል። ዘዴው እንደሚሠራ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም። መጠየቅ ያለበት ዕድሜው ነው፤ በእኔ እምነት ደግሞ ጥያቄው ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ከተሳሳተው ጫፍ ነው።

በምህንድስና ሥራችን ዘላቂነት ሲነሣ ሁላችንም የምንዘረጋው የጥንካሬ ውጤት ነው፤ ናሙናው በ28 ቀኑ ስንት ኪሎ ፓስካል ተሸከመ? ለቀላል ሙሌት ግን ጥንካሬ የመጨረሻው ስጋት ነው። እንዲህ ያለ ሙሌት በአብዛኛው ከ200 ኪሎ ፓስካል በላይ እንዲሸከም ይታቀዳል፤ የሚያርፍበት ጭነት ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ነው። ውስጡ እርጥበት እስካለው ድረስ ሲሚንቶው ለዓመታት መጠንከሩን ይቀጥላል። የሚጎዳው ከውጭ ነው። ውሃ የሚነካው ገጽ ካልሲየሙን ቀስ በቀስ እያጣ ይለሰልሳል፤ ይህ ጉዳት ግን ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ጥልቀቱ ከጊዜው ስኩዌር ሩት ጋር ነው የሚያድገው። በመጀመሪያው ዓመት 3 ሚሊ ሜትር የለሰለሰ ገጽ፣ ሌላ ነገር ካልተጨመረበት፣ በ100 ዓመት የሚደርሰው 30 ሚሊ ሜትር ነው። ውፍረቱ 5 ሜትር ለሆነ ሙሌት ይህ ምንም ማለት አይደለም።

ክብደቱ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ሙሌቱን ቀላል ያደረገው በውስጡ የታሰረው አየር ነው። አረፋዎቹ ተዘግተው እስከቆዩ ድረስ ውሃ አይገባባቸውም፤ እንደ እንጀራ ዓይን ከተከፋፈቱና እርስ በርስ ከተገናኙ ግን ውሃው የአየሩን ቦታ ይወስዳል። ጥንካሬው ሳይነካ ሙሌቱ የተሠራበት ዓላማ ይጠፋል። ሂሳቡ ቀላል ነው፤ በሜትር ኪዩብ 1 ቶን ተብሎ የተፈሰሰ 5 ሜትር ሙሌት ከይዘቱ 15 በመቶ ያህል ውሃ ቢጠጣ፣ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 750 ኪሎ ግራም ይጨምራል። በለስላሳ ሸክላ ላይ ግንባታ የሚታቀደው ደግሞ ብዙ ጊዜ የተቆፈረው አፈርና የሚተካው ነገር ክብደት እንዲመጣጠን ሆኖ ነው፤ ያ ትርፍ ክብደት በሙሌቱ ላይ የተሠራ መንገድ እንዲሰምጥ፣ ከድልድይ ጋር በሚገናኝበትም ቦታ ደረጃ እንዲሠራ ይበቃል። ናሙናው ግን በላቦራቶሪ አሁንም «አልፏል» ይባላል።

ከውሃ በታች ያለው ክፍል መጀመሪያውኑ ውሃ እንደሚጠጣ ታስቦ ይሠራል የሚሉ አሉ፤ እውነት አላቸው። እንዲያውም ከባሕር ውሃ የቀለለ ሙሌት ስለሚንሳፈፍ፣ ከውሃ በታች ክብደቱ ሆን ተብሎ ከፍ ይደረጋል። ችግሩ የውሃው ልክ ከፍና ዝቅ በሚልበት ቀበቶና ከዚያ በላይ ነው። እዚያ ሙሌቱ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ ስንጥቁ ለሚቀጥለው ውሃ መንገድ ይሆናል። ሌላው መልስ፣ ለዚህ መመዘኛ አለ የሚለው ነው። የአሜሪካው ኤኤስቲኤም ዲ559 የአፈር ሲሚንቶን 12 ጊዜ እያረጠበ ያደርቃል፤ በየዙሩ 5 ሰዓት ውሃ ውስጥ፣ 42 ሰዓት ደግሞ በ71 ዲግሪ ሴልሺየስ ምድጃ። ይህ ለተጠቀጠቀ የመንገድ መሠረት የታሰበ ነው። አረፋ ያለበትን ጭቃ በዚያ ሙቀት ማድረቅ፣ በላዩ አፈር ተሸፍኖ በሕይወቱ የማያየውን ቅጣት መስጠት ነው፤ በዋናነት ስንት ግራም እንደተፋቀ ይነግረናል እንጂ ለዓመታት ቀላል ሆኖ ስለመቆየቱ አይነግረንም።

ከባዱ ተቃውሞ ጥሬ ዕቃው ቆሻሻ መሆኑ ነው፤ ዛሬ የመጣው ከነገው ጋር አይመሳሰልም። ይህን አቅልዬ አላየውም። ከጭቃ ሌላ በጥሬ ዕቃነት የሚገባ የድንጋይ ከሰል አመድ ሳይቃጠል የቀረ ካርቦን ከበዛበት አረፋ የሚያወጣውን መድኃኒት ስለሚመጥ አረፋው ይሞታል፤ የበሰበሰ ነገር የበዛበት ጭቃ ሲሚንቶውን ስለሚያዘገይ አረፋው ከመጠንከሩ በፊት ይፈርሳል፤ ፎም ደግሞ ቤንዚን ከነካው ይሟሟል። ግን ልብ እንበል፦ የሦስቱም ጉዳት ቀድሞ የሚታየው በሚዛን ላይ ነው። ሙሌቱ በሚፈስበት ሰዓት በባልዲ ተሞልቶ ቢመዘን፣ ከመጠንከሩ በፊትም ቢደገም፣ ችግሩ ቀድሞ ይታወቃል፤ የ28 ቀኑ ናሙና ግን ሥራው ካለቀ በኋላ ነው የሚናገረው። የዕቃው መለዋወጥ ቆሻሻን ለመተው ሳይሆን ሚዛኑን ከጉድጓዱ አፍ ላለማንሣት ምክንያት ነው።

እኛ ጋ ይህ ነገር ሩቅ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ለመሠረት ሲቆፈር የሚወጣው ጥቁር ዋልካ በመኪና ተጭኖ ይደፋል፤ በምትኩ ከባድ ገረጋንቲ ከሩቅ ይመጣል። ዋልካውን በሲሚንቶ አክሞ አቅልሎ መመለስ የሚሞከር ከሆነ፣ ወራት በሚዘልቀው በጋችንና በክረምቱ መካከል የሚፈተነው መድረቅና መርጠብ ላይ ነው። ስለዚህ ስፔሲፊኬሽን የምትጽፉ ባልደረቦቼን የምጠይቀው ይህን ነው፤ ከጥንካሬው ቁጥር ጎን ሁለት መስመር ጨምሩ። አንደኛው፣ ናሙናው ዓመት ሙሉ ውሃ ውስጥ ከቆየ በኋላ ክብደቱ ከስንት በመቶ በላይ እንዳይጨምር፤ ሁለተኛው፣ የሙሌቱ ገጽ በተፈሰሰ በስንት ቀን ውስጥ በአፈር ወይም በሸራ እንዲሸፈን።